ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ልትገዙ ነው? ቀዝቅዞ ሲነሳ ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ

ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተሬን ከገዛኋት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። የምሠራው ባሕር ዳር ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማንጎ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ የውሃ ሮቶ፣ ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃ፣ የተገኘውን ሁሉ እጭናለሁ። ቻይና ሠራሽ ናት፤ 250 ሲሲ፣ ባለ አንድ ፒስተን፣ በውሃ የምትቀዘቅዝ፣ በሞተሪኖም (በባትሪ በሚሠራው ማስነሻ) በኪክም (በእግር በሚረገጠው) የምትነሳ። ከአሥር ስንት ትሰጣታለህ ካላችሁኝ ለጉልበቷ 9፣ ለአነሳሷ 6። እዚህ የምጽፈው ስለ ስድስቷ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጉልበቷ ነው። ስንት ኩንታል ትችላለች? ዳገት ላይ እንዴት ናት? ቤንዚን ትበላለች? ጠዋት እንዴት ነው የምትነሳው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። እኔ ዘንድ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። የጭነት ሥራ የጠዋት ሥራ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቅዳሜ ገበያ በሚባለው የከተማችን ገበያ ካልተገኘህ ጭነትህን ሌላው ጭኖት ሄዷል። ነጋዴ አይጠብቅህም፣ እንዲጠብቅህም ልትለምነው አትችልም፤ አትክልት ነው፣ ይበላሻል።

ስገዛት የሆነውን ልንገራችሁ። ሱቁን አልጠራም፣ የአንድ ሱቅ ችግር ብቻም አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ሻጩ ቁልፉን አዞረ፣ ስታርቱን ገና ነካ ሲያደርገው ሞተሩ ብድግ አለ። አጠፋው፣ ደገመው፣ አሁንም ብድግ። እኔም ደስ አለኝ፣ ብሩን ከፈልኩ። በማግስቱ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ያችው ሞተር ለሩብ ሰዓት ያህል አስጨነቀችኝ። በኋላ ነው የገባኝ። እኔ ከመድረሴ በፊት ለሌላ ሰው አስነስተው አሙቀዋት ነበር።

የሞቀ ሞተር ማንም ያስነሳዋል። ዘይቱ ቀጥኗል፣ ፒስተኑ በቀላሉ ይሄዳል፣ ባትሪውም አሁን ገና ተሞልቷል። ቀዝቃዛ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ቤንዚን ፈሳሽ ሆኖ እሳት አይዝም፤ ተንኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው የሚቀጣጠለው። ቀዝቃዛ ብረት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ብዙው እንደ ጤዛ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ብልጭታ ሰጥቶ ለሚያቀጣጥለው ለካንዴላው የሚደርሰው ትንሽ ነው። ዘይቱም ወፍሮ ስለሚያድር ሞተሪኖው ይከብደዋል፣ ባትሪውን ይጋጠዋል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) በጥንቃቄ፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀት ካለው እዩት። ለብ ካለ ለሻጩ በትሕትና ንገሩት፤ ነገ ሱቅ ስትከፍቱ እመጣለሁ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሷት በሉት። እሺ የማይል ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

እኔ ጠዋት የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን እስባለሁ። የራዲያተሩን ውሃና የሞተሩን ዘይት አያለሁ፣ ሁለቱም አንድ ደቂቃ አይፈጁም። ከዚያ ማታ የዘጋሁትን የቤንዚን መክፈቻ እከፍታለሁ። ማታ ማታ መዝጋት ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ሹፌር አያውቅም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚኑን የሚቆጣጠር ተንሳፋፊ አለ፤ እሱ በደንብ ካልዘጋ ሌሊቱን ቤንዚን ወደ ሞተሩ ውስጥ ይወርድና ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ጠዋት የዘይት መለኪያዋን አውጥታችሁ ስታሸትቱ ቤንዚን ቤንዚን ካላችሁ ይኼ ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ደግሞ ሞተር ይበላል።

ከዚያ ቁልፍ አዞራለሁ። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን አረንጓዴዋ መብራት ትነግረኛለች፣ እኔ ግን መብራቷን ብቻ አላምንም፤ ትንሽ ወደፊት ወደኋላ ገፋ አድርጌ ነፃ መሆኗን አያለሁ። ፍሪሲዮኑን እይዛለሁ። ማርሹ ዜሮ ላይ እያለ ለምን ትይዛለህ የሚሉኝ አሉ። ሞተሪኖው የማርሽ ሳጥኑን ጥርሶች በወፍራም ዘይት ውስጥ አብሮ እንዳይጎትት ነው፣ ደግሞም መብራቷ ብትዋሽ ሞተሯ ዘላ ግድግዳ እንዳትገጭ ነው። ነዳጅ አልሰጥም። ስታርቱን እጫናለሁ። ሦስት ሰከንድ፣ ቢበዛ አምስት። ካልተነሳ እለቅና አሥር አሥራ አምስት ሰከንድ እጠብቃለሁ፣ ሞተሪኖው ይቀዝቅዝ፣ ባትሪው ትንፋሽ ይሰብስብ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ተጭኖ የሚይዝ ሰው ሳይ ሆዴን ይበላኛል፤ ውስጡ ያለው የመዳብ ሽቦ እየተቃጠለ ነው።

ስለ ቾክ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ባሕር ዳር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቾክ አየሩን ያፍናል፣ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ቀዝቃዛ ሞተር ይህንን ይወዳል። ከተማችን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህቺ ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ስትወርድ ከሳበችው አየር የእኛ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ ቦታ እንደተለካ ከመጣ እዚህ ሲደርስ አየሩ ያንሳል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ማለት ያለ ቾክም ቤንዚን በዝቶባታል። በዚያ ላይ ቾክ ስቦ የሚረሳ ሹፌር ካንዴላውን በሁለት ሳምንት ከሰል ያደርገዋል። እኔ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት እስባለሁ፤ ተነስታ ግማሽ ደቂቃ ያህል ስትሠራ ቀስ እያልኩ እመልሰዋለሁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ ሌሊትም በማይለቅበት ጊዜ፣ ጭራሽ አልነካውም።

ከተነሳች በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ በራሷ ትሥራ። ነዳጅ እየሰጡ ማስጮህ አያሞቃትም፤ ዘይቱ ገና ላይ ሳይደርስ ብረት ከብረት ያፋጫል። ጎረቤትም ይተኛበት።

አሁን ወደ ሐምሌው ጠዋት ልምጣ፣ ስድስት የሰጠሁበት ዋናው ምክንያት እሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ሞተሯን በሸራ ሸፍኜ ነው ያደርኩት። አንዲት የአትክልት ነጋዴ ደንበኛዬ ስምንት ኩንታል ሽንኩርት አውርዳ እየጠበቀችኝ ነው። ቁልፍ አዞርኩ፣ አረንጓዴዋ መብራት በራች። ስታርቱን ተጫንኩ። ጠቅ። መብራቷ ጨለም አለች። ለቀቅኩ፣ ደገምኩ። ጠቅ። ሌላ ድምፅ የለም።

ኪክ አለኝ ብዬ ተማምኛለሁ። ወርጄ መርገጥ ጀመርኩ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ልብሴ በላብና በዝናብ ራሰ። ስልኬ ጠራ።

«ወንድማለም፣ የት ደረስክ? ሽንኩርቱ ዝናብ ላይ ነው እኮ።»

«እትዬ፣ አሁን እመጣለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ።»

ሁለት የሰፈር ልጆች ጠርቼ አስገፋሁ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ሞተሩ ዞረ፣ እሳት ግን የለም። እስከ መንገዱ ጫፍ ገፍተውኝ ተመለሱ። ስደውልላት ሌላ ጭኖላት ሄዷል። አልተቀየምኳትም። እሷም እንጀራዋ ነው።

ኪክ እያለ፣ ተገፍታም፣ ለምን አልነሳ አለች? ይህንን ያስረዱኝ ዓባይ ማዶ መንገድ ዳር ሸራ ወጥረው የሚሠሩ አንድ መካኒክ ናቸው። የሳቸውን አገልግሎት ለብቻው መገምገም አለብኝ፣ ይገባቸዋልና። በዚያ ዝናብ ሞተሯን በአህያ ጋሪ አስጎትቼ ነው የወሰድኳት። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡና መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ምንም አለመንካት ነው። «አዙረው ልጄ፣ እስኪ ልስማ» አሉኝ። ጠቅ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ሰምተው መቀመጫውን አስነሱ።

የባትሪው ጫፎች ላይ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ፈልቷል፣ እንደ ሻገተ ዳቦ። አንዱ ብሎን በጣት ይዞራል። «ይኼ ከፋብሪካው ጀምሮ አልጠበቀም» አሉኝ። ቴስተር አስቀመጡ፣ 11.7 ቮልት። ሙሉ ባትሪ ሳይሠራ 12.6 አካባቢ ማንበብ አለበት፤ 12.2 ላይ ግማሽ ሆኗል፤ ከ12 ከወረደ ሞተሪኖ ለማዞር አትመኩበት። ከዚያ የነገሩኝን ነው እናንተም እንድትይዙት የምፈልገው። ካንዴላው የሚፈነጥቀውን ብልጭታ አንዳንዱ ሞተር በቀጥታ ከማግኔቶው ነው የሚያገኘው፣ ሞተሩ ሲዞር ራሱ ያመነጨዋል። አንዳንዱ ግን ከባትሪው ነው የሚወስደው። የኔ ሁለተኛው ዓይነት ናት። ባትሪው ከሞተ፣ ወይም ጫፉ ከላላ፣ ቀኑን ሙሉ ብትረግጠው ብልጭታ የለም። ሻጩ ኪክም አላት ሲለኝ ባትሪ ባይኖርም ትነሳለች ማለት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ስትገዙ ጠይቁ፤ ብልጭታው ከማግኔቶ ነው ወይስ ከባትሪ? ሻጩ ካላወቀ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ።

ጫፎቹን በፈላ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠቡ፣ አደረቁ፣ አጠበቁ፣ ቫዝሊን ቀቡ። ባትሪዋን ቻርጅ ላይ አደረጉ። እስክትሞላ ካንዴላውን ፈቱ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የቤንዚን ሽታው አፍንጫ የሚመታ። «አየኸው? ቤንዚን በዝቶባታል። ቡናማ ነው መሆን ያለበት፣ እንደ ሸክላ።» በሽቦ ብሩሽ ጠረጉት። ከዚያ ከኪሳቸው የተሰበረ የሰጌቶ ምላጭ አወጡና በካንዴላው ሁለት ጥርሶች መሐል ሰደዱት። ሰፍቶ ኖሯል። ጫፉን ብረት ላይ ኳ አድርገው አጠበቡ፣ ምላጩን መልሰው አስገቡ፣ ያዝ አድርጎ አለፈ። በኋላ አሰብኩት። የሰጌቶ ምላጭ ውፍረት 0.6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል፣ የዚህ ካንዴላ ክፍተት ደግሞ ከ0.6 እስከ 0.7 ነው መሆን ያለበት። የሳቸው መለኪያ ያቺ ምላጭ ናት፣ ትክክልም ናት።

አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ባትሪዋ ተመለሰች። «አሁን በእግርህ አስነሳት» አሉኝ፣ ሞተሪኖ አትንካ ብለው። አረጋገጤን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ አሳዩኝ። ኪኩን መጀመሪያ በቀስታ እየተጫንክ ታወርደዋለህ። አንድ ቦታ ላይ ይጠጥራል፤ ፒስተኑ አየሩን እያመቀ ነው። እዚያ ላይ አትረግጥም። ያንን ቦታ በቀስታ ጥቂት አሳልፈኸው ኪኩን ወደ ላይ ትመልሳለህ። ከዚያ በሙሉ የሰውነት ክብደት፣ ሳታቋርጥ፣ እስከ ታች። ግማሽ መንገድ ላይ ካቆምከው መልሶ ይመታሃል፣ ቁርጭምጭሚት የሚሰብር ምት ነው፣ በሸበጥ ሆኖ መርገጥማ አይታሰብም። እንዳሉኝ አደረግኩ። በሁለተኛው ተነሳች። እየሠራች ቴስተሩን መልሰው አስቀመጡ፣ 14.1። «ቻርጅ ታደርጋለች፣ ጄነሬተሯ ጤነኛ ነው» አሉ።

ለሳቸው አገልግሎት ከአሥር 9 እሰጣለሁ። ዕቃ ሳይቀይሩ መፍትሔ ይፈልጋሉ፣ የተበላሸውን ያሳዩሃል፣ የሠሩበትን ዋጋ ብቻ ይቀበላሉ። አንድ ነጥብ የቀነስኩት እሑድ፣ በ12 እና በ21 ስለማይሠሩ ነው፤ ለሳቸው ትክክል ነው፣ ለኔ ለተቸገርኩት ግን ቀኑ ይረዝማል። ከዚያ በፊት የሄድኩበት ሌላ ጋራዥ፣ ስሙ ይቅር፣ ያንኑ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰምቶ ሞተሪኖው ተቃጥሏል ይቀየር ብሎኝ ነበር። ይህ ያሳዝነኛል። ለሽንኩርት የሚሮጥ ሰው ሞተሪኖ በየጊዜው የሚገዛበት ብር የለውም።

ድምፁን ማወቅ ይጠቅማል፣ ስለዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ስታርት ስትጫኑ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ካለ መጀመሪያ የባትሪ ጫፍ እዩ፣ ከዚያ ባትሪውን። ጠጠጠጠ እያለ እንደ ፌንጣ ከተንጫጫ ባትሪው ደክሟል። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙን፣ ማጥፊያውን፣ የፍሪሲዮኑ መያዣ ሥር ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ እዩ፤ የኔ አንድ ጊዜ ጭቃ ገብቶባት ነው። ሞተሪኖው ዝዝዝ ብሎ በነፃ እየዞረ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ውስጥ ነው፣ ሞተሪኖውን ከሞተሩ ጋር የምታያይዘው ክፍል ተበልታለች፣ ያ የመካኒክ ሥራ ነው። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልያዘ ግን ባትሪና ሞተሪኖውን ተዉት፤ ወይ ቤንዚን የለም ወይ ብልጭታ የለም ወይ ቤንዚን አጥለቅልቋታል። ካጥለቀለቃት ቾኩን መልሱ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይዛችሁ ሞተሩን በስታርት አዙሩት፤ አየር ገብቶ ያደርቀዋል።

ክረምት ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። ሐይቁ ዳር የሚያድር ሞተር እርጥበት ይጠጣል። የካንዴላው ቆብ ውስጥ ውሃ ከገባ ብልጭታው ወደ ካንዴላው ሳይሆን በውጭ ወደ ብረቱ ይሸሻል። ጨለማ ውስጥ ብታዩት ሰማያዊ ሆኖ ሲንጣጣ ይታያል። ቆቡን ነቅሎ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ነው፤ ስትነቅሉ ግን መጀመሪያ ሞተሩን በቁልፉ አጥፉ፣ ምቱ ቀላል አይደለም።

ቤንዚንም አለ። ማደያ ወረፋ ሲበዛ በሃይላንድ የሚሸጠውን እንገዛለን፣ ሁላችንም አድርገነዋል። አንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት እየተንገዳገደች ትነሳና ወዲያው ትጠፋብኝ ነበር። ካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈታ አድርጌ በብርጭቆ ተቀበልኩት። ከላይ ቤንዚን፣ ከታች ውሃው እንደ ዶቃ ክብ ክብ ብሎ ሲንከባለል አየሁት። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ሌሊት ረግታ ስታድር ታች ይቀመጣል፣ ጠዋት መጀመሪያ የምትስበው እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ከማደያ ካልሆነ አልቀዳም፣ በግድ ከሆነም በጠርሙስ አስቀምጬ አርግቼ አይቼ ነው።

ጭነት ይዛ መንገድ ላይ ብትጠፋስ? ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ እድለኞች ነን። ግን ወደ ቤዛዊት ሲሚንቶ ጭኜ ስወጣ ዳገቱ ላይ ጠፍታብኛለች። አሥራ ስድስት ከረጢት፣ 8 ኩንታል። እንዲህ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ረዳታችሁ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ያድርግ፣ ከዚያ ነው ስታርት። ወደ ኋላ እየለቀቃችሁ በማርሽ አስነሳለሁ እንዳትሉ። ተጭና ገፍቶ ማስነሳትም አይሞከር። ባዶ ስትሆን፣ ሜዳ ላይ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ ያውም ባትሪው ጥቂት ነፍስ ካለው።

ሞተሯ ራሷ ለምን ባትሪ ቶሎ ትጨርሳለች ላላችሁኝ፣ ምክንያቱ አሠራራችን ነው። ገበያ ውስጥ በቀን ሠላሳ ጊዜ እናጠፋለን፣ ሠላሳ ጊዜ እናስነሳለን። በመሐል የምንሄደው አንድ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ማስነሳት የወሰደውን ለመመለስ ይህ አይበቃም። ከእሷ ጋር የመጣችው 9 አምፔር ሰዓት ባትሪ ለዚህ ሥራ ታንሳለች፤ ይህን ጉድለት አምራቹ ላይ ነው የማየው፣ ለአንድ ቶን የሚሠራ ሞተር ላይ የመንገደኛ ሞተር ሳይክል ባትሪ መግጠም ልክ አይደለም። እኔ 20 አደረግኩት። ሳጥኑ ስለጠበበ በያጅ አሰፋልኝ። አሁን ሞቃ ከሆነ ደግሞ ለአጭር ማቆሚያ በኪክ ነው የማስነሳት፣ ሞተሪኖውን ለጠዋት አስቀምጬለታለሁ። ከዚያ ሐምሌ ወዲህ ጠዋት አልቀረሁም። ጫፎቹን በየወሩ መጀመሪያ አያለሁ፣ ቫዝሊኗ መቀመጫ ሥር ናት።

ታዲያ ትገዛ ወይ? ለአትክልትና ለግንባታ ዕቃ ሥራ አዎ፣ ግዙ። ጉልበቷ የታመነ ነው፣ መለዋወጫዋ ባሕር ዳር ውስጥ ይገኛል፣ የሚሠራትም ሰው አለ። ዋጋዋን አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይለወጣል። ኪክ የሌላትን ግን ቅናሽ ቢሰጧችሁም እለፏት። የከተማ ውስጥ ዕቃ በቀን ሁለቴ ለሚያደርስ ሰው ኪክ የሌላት ትበቃው ይሆናል፤ ገበያ ለሚውል ሰው አትበቃም።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሊገዛ ሲል አብሬው ሄድኩ። ሱቁ ሲከፈት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደረስን። መጀመሪያ ያሳዩን ኪክ የላትም፣ አለፍናት። ሁለተኛዋን ሞተሩን ዳሰስኩት፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። ሻጩ ምን እየፈለግክ ነው አለኝ፣ ነገርኩት፣ ሳቀና «እሺ፣ በፈለጋችሁት አስነሷት» አለ። ልጁን ጫማውን አሳስሬ ኪኩን አስጀመርኩት። ጠጠር ያለውን ቦታ ፈልጎ አገኘ፣ አሳለፈው፣ መለሰው፣ ረገጠ። በሦስተኛው ተነሳች። አጥፍተን በሞተሪኖ ደገምን፣ ወዲያው ያዘች። ጠቅታም የለም፣ መብራቷም አልጨለመችም። የባትሪውን ብሎኖች በያዝኩት መፍቻ አጠበቅኩለት፣ እውነትም አንዱ ልል ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በግንቦት 2016 በተመረቀው በ380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ከፊት ለፊቴ መጣ። ጤፍ ጭኗል፣ ከረጢቶቹን በገመድ አሳምሮ አስሯል። ሲያልፈኝ ጡሩምባ ነፋልኝ፣ እኔም መለስኩለት።